የሚስተር ቦያንን ደብተር ይዤ ለንደን

ለንደንን ላየ ሰው ይህ ጽሑፍ ምንም አይጨምርለትም። ትልቁን ሰዓት አላየሁም፤ ቤተ መንግሥቱ በር ላይ የሚቆሙትን ባለ ጥቁር ባርኔጣ ዘቦችም አላየሁም። በስምንት ቀን ውስጥ ያየሁት የባቡር መስኮት፣ የሁለት ሴቶች ቤት፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያና አንድ ቃናው የተበላሸ ፒያኖ ነው። የምጽፈው ለተማሪዎቼና ለወላጆቻቸው ነው። አብዛኞቻችሁን ወደዚያ የሚወስዳችሁ ጉዳይ የለም። እኔም ከአራት ኪሎ ፒያሳ ለመውረድ እንኳ የምለግም ሰው ነኝ፤ ጉዳይ ባይጎትተኝ ምን ቆርጦኝ።

ጉዳዬን አስቀድሜ ልናገር። ሚስተር ቦያን የቡልጋሪያ ሰው፣ ሙዚቃ ደራሲና መምህር ናቸው። በደርግ ጊዜ በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት መጥተው ዘጠኝ ዓመት ፒያኖ አስተምረውናል። እኔ መጀመሪያ ተማሪያቸው፣ ኋላ ረዳታቸው ነበርኩ። ለጀማሪ የሚሆን መጽሐፍ ስላልነበረን ራሳቸው ሃያ አራት አጫጭር ዜማዎች በአንድ ደብተር ላይ ጻፉልን። ልጆቻችሁ ፎቶ ኮፒውን በላስቲክ ጠቅልለው ቤቴ ይዘውት የሚመጡት ያንን ደብተር ነው።

ሙዚቃ በወረቀት ሲጻፍ ባር በምንላቸው ትንንሽ ቤቶች ይከፈላል፤ ሲያልቅ መጨረሻው ላይ ሁለት መስመር፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም፣ ይሰመራል። ሚስተር ቦያን ይህን መዝጊያ ሲጽፉ አያሰምሩትም። ተማሪ ፊታቸው ተቀምጦ ዜማውን ከተጫወተ በኋላ ነው፣ ከጆሯቸው ጀርባ ቀይ እርሳስ አውጥተው በማስመሪያ የሚያሰምሩት። «ማንም ያልተጫወተው አላለቀም» ይሉ ነበር። ሃያ ሦስቱ ቀይ መስመር አላቸው። ሃያ አራተኛዋ የላትም፤ ለመጫወት ጊዜ አልተገኘም። ኮንትራታቸው ሳይታደስ ቀረና በሦስት ቀን ውጡ ተባሉ፤ ደብተሩን በር ላይ ሰጥተውኝ ሄዱ።

መስመር አለመኖሩን አልተጠራጠርኩበትም። የከነከነኝ ዜማዋ ራሷ ናት። አሥራ ስድስት ባር ሄዳ ሄዳ፣ ቤቷ ልትገባ አንድ ደረጃ ሲቀራት ደጃፍ ላይ ቆማ ትቀራለች። ጆሮ ያለው ሰው ሁሉ ይጨንቀዋል። ሽማግሌው በጥድፊያው ሳይጨርሷት ሄደዋል ብዬ ሁለት ዓመት ታገሥኩ፤ ከዚያ አሥራ ሁለት ባር ጨምሬ ቤቷ አስገባኋት። የእጅ ጽሑፋቸውን መምሰል እችል ነበር፤ ረዳት ያደረጉኝም በቅጂዬ ጥራት ነው። እሳቸውን መስዬ ጻፍኩት። መዝጊያውን ግን፣ ጽሑፋቸውን የሰረቀ እጄ መስመራቸውን ለመስረቅ እምቢ አለኝ፤ ክፍቱን ተውኩት። «የሚስተር ቦያን ሃያ አራተኛ» እያልኩ ሃያ ዓመት አስተማርኩ። ከሁሉ የምትወዷት እሷን ነው። በየምረቃው እናቶች የሚያለቅሱት እሷ ላይ ነው፤ ያውም የሚያለቅሱት ከአሥራ ስድስተኛው ባር በኋላ ነው።

ምርጫው አልፎ፣ ከተማው ገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚያወራበት ዓመት ከለንደን ደብዳቤ መጣልኝ። የጻፈችው ልጃቸው ኤሌና ናት። አባቷ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ አገራቸው ያለ አንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ደብተሩን ማሳተም ይፈልጋል፤ ዋናው እጄ ላይ ካለ ልልክላቸው እችል እንደሆነ ትጠይቃለች። ፖስታ ቤት ሄጄ መላክ እችል ነበር። ከላክሁት አሥራ ሁለቱ ባር በእሳቸው ስም ታትሞ ይቀራል። ከተናገርኩ ደግሞ የማከብራቸው መምህሬ በሰማንያ አራት ዓመታቸው ሌባ ማሳደጋቸውን ይሰማሉ። ሳምንት ሙሉ እህል አልበላ አለኝ። ከዚያ ቪዛ ጠየቅሁ።

ቅዳሜ። ደብተሩን በነጠላ ጠቅልዬ ሆዴ ላይ አሰርኩት። ቦሌ የፈተሸችኝ ልጅ ዳሰስ አድርጋ «ምንድነው?» አለችኝ። ደብተር ነው አልኳት። «ሆድዎ ላይ?» አለች። ሌላ የት ላድርገው፣ ሻንጣ ይጠፋል። ፈትታ አገላብጣ አየችው፤ ኖታውን ስታይ ፈገግ ብላ ራሷ መልሳ አሰረችልኝ። ከእኔ ይልቅ አጥብቃ ስላሰረችው አውሮፕላን ውስጥ የቀረበልኝን ዶሮ በግማሽ ሆድ በላሁ።

እሑድ። ለንደን በጠዋት ገባን። የኬላው ሰውዬ የመጣሁበትን ጉዳይ ጠየቀኝ። መምህሬን ልጠይቅ አልኩት። ዕድሜያቸውን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የእኔን ፓስፖርት አየና «አሁንም ይማራሉ?» አለ። አዎ አልኩት። ማኅተሙን መታልኝ። እንዲህ አጭር ፈተና ከእሳቸው ዘንድም በገጠመኝ ብዬ ተመኘሁ።

የተቀበለችኝ ታደለች ናት፤ የሰፈሬ ልጅ፣ አብሮ አደጌ። በሱዳን በኩል ከወጣች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ ኤድመንተን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች። አማርኛዋ የወጣችበት ቀን ላይ ቆሟል። ሻንጣዬን እየጎተተች «ስኳር አሁንም ቀበሌ ተሰልፋችሁ ነው?» አለችኝ። ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር፣ ከዚያ በሌላ ባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ተጓዝን።

«ምርጫው እንዴት ሆነ?» አለችኝ መሐል ላይ።

«አለፈ።»

«አለፈ ማለት?»

«አለፈ ማለት አለፈ ማለት ነው፣ ታደለች።»

ባቡሩ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌያለሁ። እሷም ሳታውቀው ዝቅ አደረገች። ቤቷ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመስኮት ሲታይ ከታች የገበያ ቦታና የአውቶቡስ መናኸሪያ አለ፤ ከጩኸቱ በቀር ልክ መርካቶን ይመስላል። አልጋዋን ለእኔ ለቃ ሶፋ ላይ እንደምትተኛ ነገረችኝ። ብከራከራት «የኤድመንተን ሕግ ነው» ብላ ዘጋችኝ።

ሰኞ። ታደለች ሥራ ሄደች። ውለታ ልመልስ ብዬ ሽሮ ልሠራ ተነሳሁ። እንደ ቤታችን ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ማቁላላት ጀመርኩ። ትንሽ ጨስ እንዳለ ኮርኒሱ ላይ የተለጠፈ ነጭ ነገር መጮኽ ያዘ። የሚያስደነግጥ ጩኸት ነው፤ ቃናው ግን ጥርት ያለ ነበር። ጋዙን አጠፋሁ፣ መስኮት ከፈትኩ፤ ዝም አይልም። ጎረቤቷ፣ አንዲት ወፍራም የጋና ሴት፣ በሩን አንኳኩታ ገባችና ምንም ሳትል ፎጣ አንስታ ኮርኒሱ ሥር ታራግብ ጀመር። እኔም ሌላ ፎጣ ያዝኩ። ሁለታችን እስክስታ የምንመታ እንጂ እሳት የምንከላከል አንመስልም ነበር። ሲበርድ ሽሮውን ሠርቼ ጨረስኩ፤ እሷም ቀምሳ የራሷን ሳህን ልታመጣ ሄደች። ታደለች ማታ ስትሰማ «ሽንኩርት ሲቁላላ መስኮት ኦፕን ማድረግ አለብሽ፣ ልነግርሽ ረስቼ» አለችኝ።

ማክሰኞ። ሚስተር ቦያን ያሉት ብሪክስተን ነው። ታደለች የትራንስፖርት ካርዷን አውሳኝ የባቡሩን መንገድ በወረቀት ሣለችልኝ። የእሷ ሰፈር ሰሜን ጥግ ነው፤ ብሪክስተን የደቡቡ መስመር መጨረሻ። አንድ ሰዓት ከግማሽ ፈጀብኝ። በባቡሩ ውስጥ የምለውን ሳጠና ሄድኩ። «ሚስተር ቦያን፣ አንድ የምነግርዎ ነገር አለ» ከሚለው አላልፍም፤ እዚያ ስደርስ ባቡሩ ይቆማል፣ ሰው ይወርዳል፣ እንደገና እጀምራለሁ።

የአረጋውያኑ መኖሪያ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ሆድ የሚያሳምም በሽታ ስለገባ እስከ ዓርብ ጠያቂ አይገባም ይላል። አንዲት ነርስ በመስታወቱ በኩል ይቅርታ በሚመስል ዓይን አየችኝና አምስት ጣቷን ዘረጋች፤ አምስተኛው ቀን ለማለት ነው መሰለኝ። ከአዲስ አበባ መምጣቴን በመስታወት ማስረዳት አይቻልም።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ጥርሱን ሊነቀል ሄዶ ሐኪሙ ያልገባለት ሰው ያለ ደስታ ነው የተሰማኝ። ከዚያ ደስ በማለቴ አፈርኩ። ገበያው ውስጥ ዞርኩ። ቃሪያው፣ ሥጋው፣ ጨርቁ፣ ሙዝ የሚያህለው ሙዝ ያልሆነ ነገር፣ ሁሉም መንገድ ላይ ተዘርግቷል፤ ሻጮቹ እንደ አትክልት ተራ ልጆች ይጣራሉ። አንዱ ሁለት ብርቱካን መርቆ ሰጠኝ። አንዱን ለሚስተር ቦያን አስቀመጥኩት።

ረቡዕ። ኤሌና ጋር ስደውል አባቷ እስኪፈቀድላቸው ድረስ ቤቷ እንድመጣ ጠየቀችኝ። የምትኖረው ዋይት ሲቲ ነው፤ ትልቅ የገበያ አዳራሽ እየተሠራ ሰማዩ ሁሉ ክሬን ሆኗል። በሩን ስትከፍት በአማርኛ «ግቢ፣ ጫማሽን አታውልቂ» አለችኝ። አዲስ አበባን የለቀቀችው በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አማርኛ ነው። ሕፃን ከትልቅ ሰው አፍ ሲናገር መስማት አንጀት ይበላል።

ጠረጴዛው ላይ አይብ የገባበት ትልቅ የተጠቀለለ ኬክ ከእርጎ ጋር ቀርቦ ነበር። ቀኑ ረቡዕ መሆኑን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ፊቴን አይታ። «ውይ፣ ጾም» አለች፤ «ሠራተኛችን ትጾም ነበር፣ ረሳሁት።» ተይው ብላት አልሰማ አለች። ያንን ሁሉ አንስታ ባቄላ በቲማቲምና በናና ቀቀለች፤ አገሯም ሲጾሙ የሚበሉት እሱን እንደሆነ ነገረችኝ። አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ በዚያ መሐል የአባቷን ታሪክ አወራችልኝ። ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ቆይቼ ግማሹን አላውቀውም ነበር።

አያቷ ተራራማ መንደር ውስጥ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። አባቷን ኖታ ያስተማሯቸው የመንደሩ ቄስ ናቸው። ዋና ከተማ ሄደው ተማሩ፣ ለአውታር መሣሪያዎች ጻፉ፣ ለመዘምራን ጻፉ። ለፓርቲው መዝሙር ጻፍ ሲባሉ ግን ራሴን ያመኛል ይሉ ነበር። ራስ ምታቱ አሥር ዓመት ሲቆይ አፍሪካ ላኳቸው። «ቅጣት ነበር» አለች ኤሌና ባቄላውን እያማሰለች፤ «እሱ ግን እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።» ከኢትዮጵያ ሲመለሱ አንድ ትንሽ ከተማ ላይ ተመደቡ። ሥርዓቱ ሲወድቅ ልጃቸውን ይዘው ወደ ሰባ በሚጠጋ ዕድሜያቸው ለንደን መጡ፤ ጣታቸው እስኪኮማተር ድረስ አሥራ ሁለት ዓመት የዚህን ሰፈር ልጆች በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አስተማሩ።

ከአልጋዋ ሥር አሥራ አንድ ካርቶን አውጥታ አሳየችኝ። ሁሉም የእሳቸው ሥራ ነው። የመጨረሻ ገጻቸውን ገልጬ አየሁ፤ ቀይ መስመር ያለው በጣም ጥቂት ነው።

«ከጻፈው ሁሉ ሰው የተጫወተው ያንቺን ደብተር ነው» አለችኝ። «አዲስ አበባ ልጆች አሁንም ይጫወቱታል ስለው ይስቃል። የመጨረሻዋን ያንጎራጉራታል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያቆማል፤ የቀረው የጠፋው ይመስለኛል።»

ይቺን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ባቄላው አፌ ውስጥ ነበር፣ ዋጥኩት፤ ከዚያም አልተናገርኩም። በሕይወት ካለው ሥራቸው መሐል በጣም የሚወደደው ግማሹ የእኔ ነው ብሎ ለልጃቸው መንገር፣ ያውም እሷ ጾሜን ስታበስልልኝ ከዋለች በኋላ፣ አቃተኝ።

ሐሙስ። ታደለች ኦፍ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ልብስ ስናጥፍ ሁሉንም ነገርኳት። ሃያ ዓመት ለማንም ያልነገርኩትን ለእሷ ካልሲ እያጣመድኩ ዘከዘክሁት።

«እና ምን አለበት?» አለች። «ዝም በይ። ማን ቼክ ያደርጋል?»

«እሳቸው።»

«አረጁ አላልሽኝም? ረስተውታል። እስቲ አሰሚኝ።»

አንጎራጎርኩላት፣ ከአንድ እስከ ሃያ ስምንተኛው ባር። ታደለች በዕድሜዋ ፒያኖ ነክታ አታውቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አብራ ስትዘምር ከሰው ኋላ ነው የምትደርሰው። የያዘችውን አንሶላ ዝቅ አደረገችና ትንሽ አሰበች።

«መጀመሪያው የፈረንጅ ነው» አለች። «ከዚያ አንቺ ትመጫለሽ። ሙሽራ ስናስገባ የምንለውን ነው የጨመርሽበት።»

ሰው በቁሙ ሲራቆት እንዲህ ነው። ሃያ ዓመት ማንም አያውቅብኝም ያልኩትን መጋጠሚያ ዕቃ አሻጊዋ አብሮ አደጌ በአንድ ጊዜ ሰማችው። እሷ ከሰማችው የቡልጋሪያ አታሚም ይሰማዋል፤ እሳቸውማ አይነሳም። አንሶላውን አጥፈን ጨረስን። ማታውን ጥፍሬን ቆረጥኩ፤ ለምን እንደሆነ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ዓርብ። ኤሌና በር ላይ ጠበቀችኝ። ሚስተር ቦያን ሳሎኑ ውስጥ፣ ባለ ጎማ ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ተቀምጠዋል። አንሰዋል። ያ ሁሉ ጠጉር የለም። ወለሉ ድረስ እጅ ነሳሁ። አላቀፉኝም፣ እንዴት ነሽም አላሉኝም።

«እጅሽን» አሉኝ በአማርኛ።

ዘረጋሁ። ጥፍሬን አንድ በአንድ አዩ። ድሮም ትምህርት የሚጀምሩት በዚህ ነበር፤ ጥፍሩ የረዘመ ተማሪ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ራሳቸውን ነቀነቁ። ብርቱካኑን ቦርሳዬ ውስጥ ረሳሁት።

ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አደረግሁላቸው። በተኮማተረ ጣታቸው ቀስ እያሉ ገለጡ፤ በየገጹ ቀዩን መስመር ነካ ያደርጋሉ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሱ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጽሑፉ የማን እንደሆነ መለየታቸውን እንጃ። «ሚስተር ቦያን፣ አንድ የምነግርዎ ነገር አለ» አልኩ። ያንን ያጠናሁትን።

«መጀመሪያ ተጫወቺ» አሉ።

ፒያኖው ግድግዳ ጥግ ነበር፤ ቃናው ወርዷል፣ አንዱ ቁልፍ ቢመቱት ድምፅ የለውም። ኤሌና ቴሌቪዥኑን ቀነሰች። ሁለት አሮጊቶች ሶፋ ላይ አንቀላፍተዋል። ጀመርኩ። አሥራ ስድስተኛው ባር ላይ ላቆም አስቤ ነበር፤ እጄ ግን ሃያ ዓመት የለመደውን መንገድ ይዞ ሄደ፣ እስከ ቤት ድረስ ሄደ። ስጨርስ ዞር ብዬ ለማየት አልደፈርኩም።

«ይሄኛው የማነው?» አሉ።

«የእኔ ነው።»

ኤሌና ደብተሩን አየች፣ እኔን አየች። ተነስቼ ቆምኩ፤ ያኔም ስንሳሳት እንቆም ነበር። በአማርኛ ጀምሬ በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ መልሼ በአማርኛ ነገርኳቸው። ሳይጨርሷት የሄዱ መስሎኝ ነው አልኩ። ጽሑፍዎን መስዬ ጻፍኩ አልኩ። በስምዎ አስተማርኩ አልኩ።

«ጨርሻት ነበር» አሉኝ።

ቀጥሎ የተናገሩትን ኤሌና እየተረጎመችልኝ ሰማሁ። በመንደራቸው ሴቶች ስንዴ ሲያጭዱ በሁለት ወገን ሆነው ይዘፍናሉ። አንደኛው ወገን ዘፈኑን ቤቱ አያስገባውም፤ አንድ ደረጃ ሲቀረው ይተወዋል። ከማሳው ማዶ ያለው ወገን ከዚያ እንዲያነሳው ነው። ማዶ ሰው ከሌለ ዘፈኑ እዚያው ይቆማል፣ እንደዚያም ሆኖ ያለቀ ነው። እናታቸው እንደዚያ ይዘፍኑ ነበር። እኔ ያላለቀ ያልኩት የእናታቸውን ማለቂያ ነው።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሃያ ዓመት፣ ስንት ልጅ፣ ሁሉም የተማረው የተሳሳተውን ነው።

«ስሜን ለምን?» አሉ። አሁን ተቆጥተዋል፤ ድምፃቸው ያው የድሮው ሆነ። «መጨመርሽ ይሁን። ስሜን ለምን?»

«ተማሪዎ ነኝ። ከእርስዎ ስም አጠገብ የእኔን ማን ነኝ ብዬ ልጻፍ?»

«ያ አክብሮት አይደለም። ፍርሃት ነው። ስህተት ከተገኘ ቦያን ተሳሳተ እንዲባል።»

እውነት ነዋ። እኔ ትሕትና ስለው የኖርኩት ነገር ሌላ ስም እንዳለው በዚያን ቀን ነው የሰማሁት። ሻይ ጠየቁ። ኤሌና አመጣች። ጠጡ፤ ጽዋው ግማሽ ላይ እስኪደርስ እኔ ቆሜያለሁ። አለቀልኝ፣ ቦርሳዬን ላንሳ ብዬ ሳስብ ጽዋውን አስቀመጡ።

«እንደገና» አሉ። «የእኔን ብቻ።»

ተቀመጥኩ። አሥራ ስድስቱን ባር ተጫውቼ አቆምኩ። ጣቴ መቀጠል ይፈልጋል። ከአሮጊቶቹ አንዷ ነቅታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ቀሪውን ትጠብቃለች። ሚስተር ቦያን ኪሳቸውን ዳበሱ። ኤሌና ቀይ እርሳስ ሰጠቻቸው። አሥራ ስድስተኛው ባር መጨረሻ ላይ ቀጭኑን፣ ከዚያ ወፍራሙን አሰመሩ።

«አሁን ተቀበዪ» አሉኝ።

ተቀበልኩ። ሃያ ዓመት ስጫወተው የራሴ ብዬ የተጫወትኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስጨርስ ግራ እጅሽ ሰነፍ ነው አሉ። አሥራ ሁለት ባር በዝቷል፣ አሥር ይበቃ ነበር አሉ። ከዚያ የደብተሩን ግርጌ ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ተማሪ ተጫውቶታል?»

«ብዙ ተማሪ።»

«ታዲያ መስመሩ የታለ?»

እርሳሱን ወደ እኔ ዘረጉ። ተቀበልኩ። ማስመሪያ ስላልነበረኝ የታደለችን የትራንስፖርት ካርድ አውጥቼ በጠርዙ ቀጭኑን አሰመርኩ፤ ወፍራሙን ሳሰምር ካርዱ ተንሸራቶ ጠመመብኝ። ሚስተር ቦያን አዩት።

«ማስመሪያ የለሽም?» አሉ። ለኤሌና ደግሞ በቋንቋቸው የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ከአረፍተ ነገሩ ውስጥ የገባኝ ስሜ ብቻ ነው። ለአታሚው የምትጽፈው ወረቀት ላይ ፊደሉን እንድነግራት ጠየቀችኝ።

ቅዳሜ። ታደለች እስከ አውሮፕላን ጣቢያ ሸኘችኝ። ካርዷን ስመልስላት ጠርዙ ላይ ቀይ አይታ «ምንድነው ያበላሸሽብኝ?» አለችኝ። ነገርኳት። ሰማችኝና ካርዱን ሳትጠርገው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ዋናው ደብተር ለንደን ቀርቷል። ይዤ የመጣሁት ፎቶ ኮፒና ለሚስተር ቦያን ሳልሰጠው የቀረ አንድ የብሪክስተን ብርቱካን ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የተጻፈው ለዚህ ነው። ሃያ አራተኛዋን ያላችሁ ሁሉ ኮፒያችሁን አውጡ። አሥራ ስድስተኛው ባር መጨረሻ ላይ በቀይ ሁለት መስመር አስምሩ፤ የሚስተር ቦያን እዚያ ያልቃል፣ አልቋል። ከዚያ በታች ያለው ጥሩም ቢሆን መጥፎም ቢሆን የስንዱ ነው፤ ስሜን ጻፉበት። መጨረሻው ላይ መስመሩን አስምሩ። በማስመሪያ።